የሕሙማን ጉዞ በሰሜን ሸዋ ገደላገደል

የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው እነዋሪ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የጀማ ወንዝ ወደ ዓባይ ሲወርድ ከሸረሸረው ጥልቅ ሸለቆ በላይ በተንጣለለው ደጋ ነው። በዚህ አገር የረጅም ጊዜ ሕመም ያለበት ሰው በእግሩ ዳገትና ቁልቁለት አቋርጦ ለነፍሱም ለሥጋውም የሚሆነውን መፈለጉ፣ በመንገዱም ለሌላው መመጽወቱ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ የዚህ ልማድ መዳረሻ ጠበል ነው። ጠበል በቅዱሳን ስም የተባረከ፣ የሚጠጣና የሚጠመቁበት ውኃ ነው። ምንጮቹ በብዛት የሚፈልቁት ከገደል ሥር ስለሆነ መንገደኛው ሲሄድ ይወርዳል፤ ከባዱ አቀበት የሚጠብቀው በጾምና በሱባኤ ከደከመ በኋላ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። የተራራ ጫፍ ላይ ደርሶ መመለስን ግብ ከሚያደርገው የዘመኑ ጉዞ የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነው።

የልማዱ ሥር የሚመዘዘው ከመካከለኛው ዘመን ገዳማት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት ደብረ ሊባኖስ ከዜጋ ወደም ገደል አፋፍ ሥር ሲገኝ፣ በሞረት በኩል ደግሞ የአቡነ ዜና ማርቆስ ገዳም አለ። በሞጃና ወደራ ጻድቃኔ ማርያም፣ በምንጃር ሸንኮራ ደግሞ ሸንኮራ ዮሐንስ እስከ ዛሬ ድረስ ሕሙማን ከየአቅጣጫው የሚጎርፉባቸው ቦታዎች ናቸው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ከተማዋን ወረርሽኝ ባጠቃት ጊዜ ቤተ ቂርቆስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን መቅሠፍቱ እንዲርቅ በመለመን ማሠራታቸውን ዜና መዋዕላቸው ያወሳል። በሽታና ቅዱስ ቦታ በዚህ አገር ታሪክ ምን ያህል እንደተቆራኙ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የእግር ጉዞው የራሱ ሥርዐት ነበረው። የጅሩ ሜዳ መረሬ የሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ስለሆነ በክረምት ጭቃው እግር እየያዘ መንገድ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ለሩቅ መንገድ በጋው ይመረጣል። ስንቁ ቀላልና የማይበላሽ መሆን ስላለበት ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ በአቁማዳ ይያዛል፤ አቅም ያነሰው በበቅሎ ይቀመጣል፤ ጨርሶ መቆም ያቃተውን ደግሞ ዘመድና ጎረቤት በቃሬዛ እየተቀባበለ ያደርሰዋል። ሲመሽ መንገደኛው ካጋጠመው ደጃፍ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ!» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን አጥቦ፣ ካለው ቆርሶ፣ መደብ ለቆ ያሳድረዋል። ስሙን የማያውቀውን በሽተኛ የሚያስጠጋው ይህ ገበሬ ባይኖር ኖሮ ጉዞው ከመጀመሪያው ዳገት ባላለፈ ነበር። የገዳማቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ለነገሥታቱ ስጦታ የሰጡትን ያህል ትኩረት ለእነዚህ ቤቶች አለመስጠታቸው ያሳዝናል።

ለጉዞው ምክንያት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ስእለት ነው፤ ይኸውም «ብድን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ለእግዚአብሔርና ለቅዱሳኑ የሚሰጥ ቃል ኪዳን ነው። የተሳለው ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ጃንጥላ ሊሆን ይችላል፤ ድሃውም ቢሆን ባዶ እጁን አይሄድም። በገዳሙ ደጅ የሚጠብቁት ደግሞ ከእሱ የባሰባቸው ናቸው፤ በተለይ በሥጋ ደዌ ምክንያት ከመንደራቸው የተገለሉ ሰዎች ለዘመናት በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ተጠግተው በምጽዋት ኖረዋል። በዚያ ደጅ ሕመምተኛው ለሕመምተኛ ይመጸውታል፤ የሚቀበለውም መልሶ ይመርቀዋል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ እንደሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ባሉ መድረኮች ተሳታፊው ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ከሌሎች ያሰባስባል፤ በጥንቱ ጉዞ ግን ሰጪው ራሱ ተጓዡ ነበር፤ ይህም ለበሽተኛው ተረጂ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ክብር ነበር። ጉዞው የተራው ሰው ብቻም አልነበረም፤ ዐፄ ምኒልክ ዳግማዊም በመጨረሻ ዘመናቸው ሕመም ሲጸናባቸው ለጠበል ወደ ደብረ ሊባኖስ ወርደዋል።

ልማዱ ግን ጉዳትም ነበረው። ለቅዱስ ቦታ አክብሮት ሲባል በባዶ እግር መሄድ እንደ ጽድቅ ይቆጠራል፤ ይሁን እንጂ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባለው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት በትንኝ የሚተላለፍ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈርን ዕድሜ ልክ በባዶ እግር ከመርገጥ የሚመጣ መሆኑን አሳይተዋል። ጫማና በየቀኑ በሳሙና መታጠብ የሚከላከሉት በሽታ እንደ እርግማን ሲታይ መኖሩ ልብ ይነካል።

ጉዞውን ያቋረጠ ክፉ ዘመንም ነበር። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል ሲከበር የፋሺስት ጦር ደብረ ሊባኖስን ከብቦ መነኮሳቱንና ለበዓል የመጡ ምእመናንን ፈጀ፤ ዲያቆናቱም ደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንገጫ ላይ ተረሸኑ። ከነጻነት በኋላ መንገደኛው ተመለሰ።

ዛሬ አውቶቡስ ብዙውን መንገድ ስላሳጠረው ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው የሚፈተነው በመጨረሻው ገደልና በሱባኤው ነው። አንዳንዶች ጠበል ሲጀምሩ መድኃኒት የሚያቋርጡት ሁለቱ የሚቃረኑ እየመሰላቸው ነው፤ ሆኖም ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ስለዚህ ወደ ጻድቃኔም ሆነ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወርድ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ከቆሎው ጋር በአንድ ከረጢት ይያዝ፣ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፣ ጫማውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ አያውልቅ፤ አብረውት የሚሄዱትም በአቀበቱ ላይ አይቅደሙት።