የአንጎል ደም ስርጸት፦ በአልዛይመር በሽታ መነሻ ላይ ምስል የሚያሳየው ለውጥ

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን የሚያከማቸው ስንቅ እምብዛም ስለሌለው፣ በየደቂቃው ለእያንዳንዱ 100 ግራም አካሉ በአማካይ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ሊደርሰው ይገባል። ደም ከትልልቆቹ ቧንቧዎች ወጥቶ፣ ካፒላሪ በሚባሉት እጅግ ቀጫጭን ሥሮች በኩል ለህዋሳቱ መዳረሱ በሕክምና ፐርፊውዥን የሚባል ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ «የደም ስርጸት» ተብሎ ተተርጉሟል። «ዝውውር» የመላ ሰውነትን ዑደት፣ «ፍሰት» ደግሞ በቧንቧ ውስጥ የሚያልፈውን ደም ለመግለጽ ስለሚያገለግሉ፣ ዘልቆ መዳረስን የሚያመለክተው «ስርጸት» ለጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። በመስኖ እርሻ ዋናው ቦይ ሞልቶ እየፈሰሰ ዳር ያለው መደብ ሊደርቅ እንደሚችል ሁሉ፣ በአንገት ቧንቧዎች የሚያልፈው ደም ሳይጓደል የአንጎል አንዱ ክፍል የሚበቃውን ደም ላያገኝ ይችላል።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የገለጸው በሽታ፣ ብዙ ቤተሰብ «እርጅና ነው፤ ጃጅተዋል» ብሎ የሚያልፈው፣ አሚሎይድና ታው የተባሉ ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ እየተከማቹ ህዋሳትን ቀስ በቀስ የሚያጠፉበት ሕመም ነው። ሕመሙ ገና በጀመረበት ወቅት፣ የአንጎል መጠን መቀነስ በተራ ምስል ጎልቶ ሳይታይ፣ ስርጸቱ በተወሰኑ ቦታዎች ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ እነዚህም በሁለቱ የአንጎል ንፍቆች መካከል ወደ ኋላ የሚገኙት ፖስተሪየር ሲንጉሌትና ፕሪኪዩኒየስ የተባሉት ክፍሎች፣ እንዲሁም ከጆሮ በላይና ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ገጽ ናቸው። በሌዊ ቦዲ የመርሳት ሕመም ለእይታ የሚሠራው የኋለኛው የአንጎል ክፍል፣ ጠባይንና ንግግርን አስቀድሞ በሚያውከው ሌላ ዓይነት ደግሞ የፊተኛው ክፍል ይበልጥ ስለሚጎዳ፣ የቅናሹ ቦታ ራሱ ለሐኪሙ ፍንጭ ይሰጣል። ስርጸቱ የሚቀንስበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም፦ ሥራቸው የተዳከመ ህዋሳት የሚጠይቁት ደም ያንሳል፤ በአንጻሩ አሚሎይድ በራሳቸው በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ ተከማችቶ፣ ወይም ለዓመታት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ቀጫጭኖቹን ሥሮች አጠንክሮ፣ አቅርቦቱን ሊያጓድል ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ነው፤ የደም ግፊት ከጎልማሳነት ጀምሮ መታከሙ በእርጅና ዘመን ለአእምሮ ምን ያህል እንደሚተርፍ የሚወስነው እርሱ ነውና።

የአንጎልን ደም በሰው ላይ ለመለካት መንገዱን የከፈቱት፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በማስተንፈስ የመላውን አንጎል አማካይ ያሰሉት ሲሞር ኬቲና ካርል ሽሚት ናቸው፤ ቦታ ለይቶ የሚያሳይ ምስል ግን የመጣው ቆይቶ ነው። ስፔክት በተባለው ዘዴ ቴክኒሺየም 99ኤም የያዘ መድኃኒት በክንድ ሥር ይሰጣል፤ መድኃኒቱም በደቂቃዎች ውስጥ እንደየቦታው ስርጸት መጠን በአንጎል ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር፣ ጋማ ካሜራ ቆየት ብሎም ቢሆን መርፌው በተሰጠበት ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተፈጠረው ሌላው ዘዴ መርፌም ጨረርም አይጠይቅም፤ የኤምአርአይ መሣሪያ በአንገት በኩል የሚያልፈውን የደም ውኃ በማግኔት ምልክት አድርጎበት፣ ምልክቱ ወደ አንጎል እስኪደርስ ጠብቆ ምስል ያነሳል። ምልክቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠፋና በአረጋውያን ደሙ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ለእነርሱ ሁለት ሰከንድ ያህል መጠበቅ ይመከራል፤ ጥበቃው ካጠረ ጤነኛው አንጎል የታመመ ሊመስል ይችላል።

ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለምትገኘው ለአሶሳ የስፔክት ፈተና በሰዓት ይቆጠራል፤ የቴክኒሺየም 99ኤም ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ከዋና ከተማው ተዘጋጅቶ በመኪና ቢላክ ሲደርስ ኃይሉ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከክልሉ ለሚመጣ ታማሚ የስፔክት ምስል ማለት በተግባር ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ማለት ነው፤ ግራ የተጋባን አዛውንት ይዞ ያን ያህል መንገድ መሄድም ቀላል ሸክም አይደለም። የቢ12 ቫይታሚን እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ ሁሉ የማስታወስ ችሎታን ሊያውኩ ስለሚችሉ፣ ከጉዞው በፊት እነዚህን መርምሮ መለየት ይገባል።

ሆኖም ምስሉ ለዚህ ክልል የተለየ ዋጋ አለው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ በሚነገሩበት፣ ብዙ አረጋውያን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ባረጁበት አካባቢ፣ ማንበብ፣ መጻፍና ቁጥር መቀነስ የሚጠይቅ የወረቀት ፈተና ጤነኛውን ሰው በሽተኛ አድርጎ ሊፈርድበት ይችላል። በታንዛኒያ ገጠር ለአረጋውያን የተዘጋጀው አይዲያ የተባለ ምርመራ የክብሪት እንጨቶችን እንደ ናሙናው መደርደርን የጨመረው ለዚህ ነው። የስርጸት ምስልም ቢሆን ከሕመምተኛው ፊደል አይጠይቅም፤ ነገር ግን «ጤነኛ» የሚባለው መለኪያ ከማን ተወሰደ የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል። የደም ማነስ የአንጎልን ስርጸት ከፍ ያደርጋል፤ ወባ በሚበዛበት ቆላ ደግሞ የደም ማነስ ብርቅ አይደለም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በተቃራኒው የአንጎልን ደም ከ20 በመቶ በላይ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ማለዳ ሁለት ሲኒ ጠጥቶ ወደ መሣሪያው የገባ አዛውንት ምስል ሳይታሰብ ሊደበዝዝ ይችላል። ለአሶሳ፣ ለባምባሲ፣ ለመንጌና ለኩርሙክ አረጋውያን የሚሠራ መለኪያ የሚገኘው ከእነርሱው መካከል ጤነኞቹ ተመርምረው፣ ከምስላቸው ጎን የሄሞግሎቢናቸው መጠን፣ የደም ግፊታቸውና ቡና የጠጡበት ሰዓት አብሮ ሲመዘገብ ነው።