ከወጌሻ እስከ ቀዶ ሐኪም

በሳንጃና በመተማ ቆላ ሕመምተኛ ሰውነቱን ለሌላ ሰው እጅ ሲሰጥ ዋናው መተማመኛው ዝና ነበር። ወጌሻው የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ አስሮ ያቃናው እግርም ገበያ ውስጥ ሲራመድ ይታያል። ባዕድ ሐኪም ግን ይህን የመሰለ ምስክር የለውም። ፈረንሳዊው ሻርል ፖንሴ በ1699 እ.ኤ.አ. በስናር በኩል ጎንደር ገብቶ ቀዳማዊ ኢያሱን ሲያክም፣ ዋሱ ከካይሮ ይዞት የመጣው የንጉሡ መልእክተኛ ነበር።

በ1954 እ.ኤ.አ. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በ1978 ደግሞ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ምስክርነቱ ከጎረቤት አፍ ወደ ዲፕሎማ ዞረ።

ለፕሮስቴት ካንሰር ግን ዲፕሎማ ብቻውን አይበቃም። ቀዶ ሐኪሙ ሂዩ ያንግ በ1904 ባልቲሞር ውስጥ የፕሮስቴት ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ከጀመረ በኋላ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከካንሰሩ የዳነ ወንድ ወሲባዊ ብቃቱን ማጣቱ የተለመደ ነበር፤ ሽንቱን መቆጣጠር የሚያቅተውም ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ፓትሪክ ዋልሽ በ1982 ለወሲባዊ ብቃት የሚያስፈልጉትን ነርቮች ማትረፍ እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ የሐኪሙ እጅ ልዩነት ጎልቶ ወጣ። ስለዚህ «ይህን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ካከሟቸው ውስጥ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው ስንቶቹ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በዝግታ የሚያድግ ካንሰር በክትትል ብቻ ሊቆይ ስለሚችል፣ ይህን አማራጭ ሳያነሳ ለቢላዋ የሚቸኩል ሐኪም ሌላ ሐኪም ለማማከር በቂ ምክንያት ነው።