የ1928 ዓ.ም. የቀዘፋ ወራት፦ ከሲያትል ሐይቅ እስከ በርሊን

በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በሚገኙ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1936) የተጀመረው የጀልባ ቀዘፋ ፉክክር፣ በአራት ወራት ውስጥ ከአካባቢ ሻምፒዮናነት ተነሥቶ በአዶልፍ ሂትለር ፊት በተካሄደ የኦሊምፒክ ፍጻሜ ተጠናቀቀ። አሸናፊዎቹ በሲያትል ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ዘጠኝ ወጣቶች ነበሩ። አብዛኞቹ የገበሬ፣ የእንጨት ቆራጭና የሠራተኛ ልጆች ሲሆኑ፣ የትምህርት ወጪያቸውን የሚሸፍኑት በጉልበት ሥራ ነበር።

ያ ዓመት ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የወረራ ዓመት ነበር። ሲያትል ውስጥ ጀልባዎቹ ለመጀመሪያው ውድድር ሲሰናዱ የማይጨው ጦርነት ከተካሄደ ሦስት ሳምንት አልሞላም። በመጨረሻው ውድድር ለጥቂት የተሸነፈው ቡድን የመጣውም አዲስ አበባን ከያዘችው ከጣሊያን ነበር።

ባለ ስምንት ጀልባ

በጣና ሐይቅ ላይ በደንገል ታንኳ የሚጓዝ ሰው ፊቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያዞራል። በውድድር ቀዘፋ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ መቅዘፊያውን ወደ ደረታቸው በሳቡ ቁጥር ጀልባዋ ከኋላቸው ወዳለው አቅጣጫ ትስፈነጠራለች። የሚሄዱበትን የሚያየው ፊት ለፊታቸው የሚቀመጠውና መሪውን የሚይዘው ዘጠነኛው ሰው ብቻ ነው። እርሱ አይቀዝፍም፤ አቅጣጫ ይጠብቃል፣ ተፎካካሪዎችን ይመለከታል፣ የቀዘፋውንም ፍጥነት ያዛል።

ከመሪው ፊት የሚቀመጠው የመጀመሪያው ቀዛፊ የምት ጠባቂ ነው። ሌሎቹ ሰባት የእርሱን እንቅስቃሴ ተከትለው መቅዘፊያቸውን በአንድ ቅጽበት ውኃ ውስጥ ይከታሉ፤ በአንድ ቅጽበትም ያወጣሉ። ከስምንቱ አንዱ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ጀልባዋ ትንገዳገዳለች፤ የሌሎቹም ጉልበት ይባክናል። ስለዚህ በዚህ ስፖርት ብርቱ ስምንት ሰዎችን መሰብሰብ ብቻውን ድል አያስገኝም።

የዋሽንግተን ቡድን የተወዳደረባት ጀልባ ሁስኪ ክሊፐር ትባላለች። የሠራት እንግሊዝ ተወልዶ ከአባቱ የጀልባ አናጢነትን የተማረው ጆርጅ ፖኮክ ሲሆን፣ አካሏን ያዘጋጀው በአካባቢው ደን ከሚበቅል የዝግባ ዓይነት ዛፍ ነው። ርዝመቷ 19 ሜትር ገደማ ነበር።

የምዕራቡ ጠረፍ ፉክክር

በዚያን ዘመን የአሜሪካ ቀዘፋ ታላላቅ ስሞች በምሥራቁ ክፍል የሚገኙ የቆዩ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። በምዕራቡ ጠረፍ ፉክክሩ በሁለት ተቋማት መካከል ነበር፤ በዋሽንግተንና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች። የካሊፎርኒያው አሠልጣኝ ካይ ኢብራይት ራሱ በተማሪነቱ ለዋሽንግተን ጀልባ የመራ ሰው ነው። በእርሱ ሥልጠና ካሊፎርኒያ በአምስተርዳምና በሎስ አንጀለስ ተከታታይ ኦሊምፒኮች በባለ ስምንት ጀልባ ወርቅ ወስዷል። በሎስ አንጀለስ ሁለተኛ የወጣው የጣሊያን ቡድን የተሸነፈው በ0.2 ሰከንድ ብቻ ነበር።

የዋሽንግተኑ አሠልጣኝ አል ኡልብሪክሰን ዝምተኛና ኮስታራ ሰው ነበር። ለበርሊን የሚበቃ ቡድን ለማግኘት ቀዛፊዎቹን ከጀልባ ጀልባ እያዘዋወረ ለወራት ሞከረ። በመጨረሻ የረጋው ስብስብ ዶን ሂዩም ምት የሚጠብቅበት፣ ቦብ ሞክ የሚመራው ነበር። ከሂዩም ኋላ በሰባተኛው ቦታ የተቀመጠው ጆ ራንትዝ እናቱን በልጅነቱ ያጣ፣ በጉርምስናው ቤተሰቡ ትቶት ሲሄድ ብቻውን ያደገ ወጣት ነው። ቀድሞ በነበረው ክረምት ገንዘብ ለማጠራቀም በግራንድ ኩሊ ግድብ ግንባታ በቀን ሠራተኛነት አገልግሏል። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስለነበር ከቡድኑ ለብዙዎቹ ቀዘፋ በትምህርት ገበታ የመቆየት ተስፋ ጭምር ነበር።

ሚያዝያ 10 ቀን 1928 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሐይቅ በተካሄደው የፓሲፊክ ጠረፍ ውድድር ሲያትሎች በሦስቱም ደረጃዎች፣ በጀማሪዎች፣ በሁለተኛውና በዋናው ቡድን፣ ካሊፎርኒያን አሸነፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሡ፤ ከጅቡቲ ወደብም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት አመሩ። ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ሁድሰን ወንዝ

ሰኔ 15 ቀን በኒው ዮርክ ግዛት፣ በፖኪፕሲ ከተማ አጠገብ በሁድሰን ወንዝ ላይ ብሔራዊው ውድድር ተካሄደ። ርቀቱ 4 ማይል፣ ማለትም 6.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሞክ ቡድኑን ሆን ብሎ በዝቅተኛ ምት አስቀዘፈ፤ መሪዎቹ ርቀው ሲሄዱም አልተከተላቸውም። ውድድሩን የሚከታተለው አሠልጣኝ ተስፋ ሊቆርጥ ሲቃረብ መሪው ምቱን ቀስ በቀስ ከፍ አደረገ። ጉልበታቸውን ቆጥበው የቆዩት ዋሽንግተኖች ተራ በተራ እያለፉ በመጨረሻ ካሊፎርኒያንም ቀደሙ። በዚያ ቀንም በሦስቱም ደረጃዎች አሸናፊ ሆኑ።

ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው የሀገራቸውን አቤቱታ አሰሙ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 28፣ ዋሽንግተኖች በፕሪንስተን የኦሊምፒክ ማጣሪያውን አሸንፈው የአሜሪካ ወኪል ሆኑ።

ደስታቸው ወዲያው በገንዘብ ጥያቄ ታወከ። የኦሊምፒክ ኮሚቴው የጉዞ ወጪ መሸፈን ስለማይችል ገንዘቡን ራሳቸው እንዲያመጡ፣ ካልሆነም ዕድሉ ለሌላ ቡድን እንደሚሰጥ ተነገራቸው። የሲያትል ጋዜጦችና ሬዲዮ ጣቢያዎች ጥሪ አሰሙ። በድቀቱ የተጎዳችው ከተማ ከነጋዴዎችና ከተራ ነዋሪዎች 5,000 ዶላር በሁለት ቀናት ሰበሰበች።

ቡድኑ ማንሃታን በተባለችው መርከብ ከኒው ዮርክ የተነሣው ሐምሌ 8 ቀን ነው። በኢትዮጵያ ወረራ ምክንያት በጣሊያን ላይ ተጥሎ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ የተነሣውም በዚያው ቀን ነበር።

ግሩናው

የኦሊምፒክ ቀዘፋ ውድድሮች የተካሄዱት ከበርሊን ወጣ ብላ በምትገኘው ግሩናው ነበር። ቦብ ሞክ ወደ አውሮፓ ከመነሣቱ በፊት፣ የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ከአይሁድ እንደሚመዘዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባቱ በደረሰው ደብዳቤ ዐውቋል። አይሁዳውያን ዜግነታቸውን በተነጠቁባት ጀርመን የሚወዳደረው ይህን ምሥጢር በልቡ ይዞ ነበር።

ነሐሴ 6 ቀን በማጣሪያው አሜሪካኖች እንግሊዝን ቀድመው በቀጥታ ለፍጻሜ አለፉ። ይሁን እንጂ ምት ጠባቂው ሂዩም በጽኑ ታመመ። አሠልጣኙ በሌላ ሊተካው ቢያስብም ጓደኞቹ እርሱ ከጎደለ ቡድኑ ቡድን እንደማይሆን ተናገሩ፤ ኡልብሪክሰንም ሐሳቡን ተቀበለ።

ፍጻሜው ነሐሴ 8 ቀን በነፋስና በዝናብ መካከል ተካሄደ። በዕለቱ ቀደም ብለው ከተደረጉት ስድስት ፍጻሜዎች አምስቱን ጀርመን፣ አንዱን እንግሊዝ ወስደዋል። ለመጨረሻው ውድድር ከነፋሱ የተሻለ መከለያ ያላቸው መሥመሮች ለጀርመንና ለጣሊያን ደረሱ፤ አሜሪካኖች ነፋሱ የሚበረታበትን የዳር መሥመር አገኙ። የማስጀመሪያውን ትእዛዝ በቅጡ ስላልሰሙም ዘግይተው ተነሡ፤ እስከ አጋማሹም ከኋላ ቀሩ። ሂዩም ዓይኖቹ ተከድነው በደመ ነፍስ ይቀዝፍ ነበር። በመጨረሻዎቹ መቶዎች ሜትሮች ግን ዓይኖቹን ገለጠ፤ ሞክም ጀልባዋን በእንጨት እየደበደበ ምቱን ከልክ በላይ አስጨመረ፤ የተመልካቹ ጩኸት ድምፁን ውጦት ነበርና።

አሜሪካ በ6 ደቂቃ ከ25.4 ሰከንድ፣ ጣሊያን በ6 ደቂቃ ከ26.0፣ ጀርመን በ6 ደቂቃ ከ26.4 ገቡ። ከ2,000 ሜትር በኋላ በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ሙሉ ሰከንድ ነው። ጣሊያንን የወከለው ቡድን የወደብ ከተማዋ የሊቮርኖ ክለብ ሲሆን፣ በሁለት ተከታታይ ኦሊምፒኮች በአሜሪካኖች የተሸነፈው በድምሩ በ0.8 ሰከንድ ነበር።

ከውድድሩ በኋላ

የበርሊን ኦሊምፒክ ለናዚ መንግሥት የኃይልና የሥርዓት ማሳያ እንዲሆን የታቀደ ነበር። በቀዘፋ ሜዳልያ ብዛት ጀርመን ዕቅዷን አሳክታለች። የባለ ስምንቱ ፍጻሜ ግን ለዚህ ትዕይንት የታሰበውን መዝጊያ ነሣው። በሌላ በኩል ድሉ የዘመኑን ሂደት አልለወጠም። ኢትዮጵያ በአምስቱ የወረራ ዓመታት በአርበኞቿ ትግል ቀጠለች፤ በበርሊን የተሰበሰቡት ሀገራትም ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ዓለም ጦርነት ገቡ። ኢትዮጵያ ራሷ በኦሊምፒክ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 በሜልቦርን ነው።

ዘጠኙ ወጣቶች ወደ ሲያትል ተመልሰው መሐንዲስ፣ ሐኪምና የሕግ ባለሙያ የሆኑ ነበሩ። ከመካከላቸው በመጨረሻ የሞተው ሮጀር ሞሪስ ሲሆን፣ ያረፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ነው። ሁስኪ ክሊፐር ዛሬም በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጀልባ ቤት ከጣሪያ ላይ ተሰቅላ ትገኛለች፤ አዲስ ቀዛፊዎች ሥልጠናቸውን የሚጀምሩትም ከእርሷ ሥር ነው።