«የማን ልጅ ነህ?»
ጫጫ ላይ ሽማግሌ ሰላም ስትሉ «የማን ልጅ ነህ?» መባሉ አይቀርም። አንዳንዶቻችሁን እንደሚያሰለች አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚህች ጥያቄ ስንት ታሪክ ቃርሜያለሁ! (ስሟ ጫጫታ ቢመስልም ወግ ላይ አትቸኩልም።)

አጠገቧ ያለችው አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ነበረች። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈረመው እዚያ ነው። በነሐሴ 1836 ዓ.ም. ምኒልክ የተወለዱትም እዚያው።

ውሉስ ተጽፏል። ለዚያ ሁሉ እንግዳ እንጀራ የጋገረችው፣ ውኃ የቀዳችው፣ በቅሎ ያበላው ማን ነበር? ይሄ ካለ ያለው በቤተሰብ ወግ ውስጥ ነው፤ እሱም ከአዛውንቶቹ ጋር እያለቀብን ነው። ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ አያቶቻችሁን ዘር አስቆጥሯቸው፣ በስልካችሁም ቅረጿቸው። ያገኛችሁትን በውስጥ መስመር ላኩልኝ።