ከእኛ በፊት የነበሩት፦ የጥቁር አሜሪካውያን ሐኪሞች ታሪክና እኛ

በአሜሪካ ሆስፒታሎች የምንሠራ የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች ቁጥራችን ዛሬ ቀላል አይደለም። ስንገናኝ ስለ ፈተናው፣ ስለ ማመልከቻውና ስለ ቪዛው እናወራለን። ከእኛ በፊት ማን ምን ከፍሎ እዚያ ለመግባት እንደበቃን ግን ብዙ ሲነሳ አልሰማሁም። ለዘንድሮው መጽሔት ስለዚያ ልጽፍ ወደድኩ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከራሳችን ሰው ልጀምር። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በዚያው ዓመት ጣሊያን አገራችንን ወረረች፤ እሳቸውም ተመልሰው በጦርነቱ ቁስለኛ አከሙ። ኋላ ወደ ኒው ዮርክ ተልከው በ1937 የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፣ በ1940 ገና በአርባ ዓመታቸው ገደማ አረፉ። ሀዋርድን የመረጡት ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ለመቀራረብ ፈልገው ነው። ይሁንና በዚያ ዘመን ለጥቁር ተማሪ ምርጫውም ሰፊ አልነበረም።

ለምን ጠበበ? በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ የትምህርት ባለሙያ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን መርምሮ ዘገባ አወጣ። ዘገባው ለሙያችን ባለውለታ ነው፤ መጀመሪያ ላቦራቶሪ፣ ከዚያ ዋርድ እየተባለ የተማርንበት ሥርዓት በብዙው የእሱ አሻራ አለበት። ግን ያው ዘገባ ከሰባቱ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ሀዋርድና ሜሃሪ ብቻ ይቀጥሉ አለ። ጥቁር ሐኪምም ዋና ሥራው የወገኑን ንጽሕና መጠበቅ እንዲሆን አሰበ፤ አንዱ ምክንያቱ በሽታው ወደ ነጮቹ እንዳይሻገር ነበር። በ1923 ከሁለቱ በቀር ሁሉም ተዘግተው ነበር። በ2020 የታተመ ጥናት እንደሚገምተው፣ ከተዘጉት አምስቱ ቢቀጥሉ ኖሮ እስከ 2019 ድረስ ከ27,000 እስከ 35,000 የሚሆኑ ተጨማሪ ሐኪሞች ያስመርቁ ነበር።

ተመርቆ መውጣትም ብቻውን አይበቃም ነበር። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ቅርንጫፎች ጥቁር ሐኪም አንቀበልም ሲሉ ዋናው ማኅበር ዝም ስላለ፣ ጥቁሮቹ በ1895 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው! አባል ያልሆነ ሐኪም ደግሞ በብዙ ቦታ ታካሚውን ሆስፒታል ማስተኛት አይችልም፤ በሽተኛውን በር ላይ ለሌላ አስረክቦ ይመለሳል። ይህንን የሰበረው ክስ የተነሳው በሰሜን ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ጆርጅ ሲምኪንስና ባልደረቦቻቸው የመንግሥት ገንዘብ ተቀብለው ጥቁር የሚከለክሉ ሁለት ሆስፒታሎችን ከሰው በ1963 በይግባኝ ረቱ። በ1966 ሜዲኬር ሲጀመር ደግሞ ዘር የሚለይ ሆስፒታል ክፍያ አያገኝም ስለተባለ፣ ከ1,000 በላይ ሆስፒታሎች በጥቂት ወራት ውስጥ መለያየቱን ተዉ።

እኛስ? ከ1924 ጀምሮ ለኢትዮጵያ የተፈቀደው የስደተኛ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ የኮታ ሥርዓት የተሻረው በ1965 ነው፤ የሲቪል መብት ትግሉ በጋለበት ወቅት። የእኛ ታላላቆች ለስፔሻሊቲ ወደ አሜሪካ ሲጎርፉ ያገኙት ሆስፒታል፣ ሌሎች ተከራክረው ያስከፈቱት ሆስፒታል ነበር።

እኔ ሬዚደንት ሳለሁ ጋውን ለብሼ፣ ስቴቶስኮፕ አንገቴ ላይ እያለ፣ የምግቡን ትሪ «ውሰጂልን» የሚሉኝ ታካሚዎች ነበሩ። እኔ ነገሩን በአነጋገር ዘዬዬ አሳብቤ አልፈው ነበር። እዚያው ተወልዳ ያደገችው ጥቁር የሥራ ባልደረባዬ ግን እንከን የሌለው እንግሊዝኛ እየተናገረች ያው ትሪ ይሰጣታል። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ የእሷ ብቻ ነው ማለት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። «ጥቁር ሐኪም» ተብሎ ሲቆጠር እኛና ልጆቻችንም እንቆጠራለን። ቁጥሩ ሲያድግ የባሪያ ልጅ ልጆች መንገድ የተቃና ይመስላል። በ1978 ወደ ሕክምና ትምህርት የገቡት ጥቁር ወንዶች 542 ነበሩ፤ ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ 515። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘርን ከግምት ያስገባ ቅበላን ከልክሏል።

ይህ ክርክር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች በተቀመጠ ልዩ ነጥብ የገባ ተማሪ በየዶርሙ ምን እየተባለ እንደሚታማ ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪም በሌለበት ወረዳ ሄዶ ለማገልገል የተሻለ ዕድል ያለው ማን እንደሆነ ግን እምብዛም አንጠይቅም።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ፦ የሕክምና ታሪክ ስታስተምሩ ፍሌክስነርን ከነሙሉ ዘገባው አስተምሩ። አሜሪካ ላለነው ደግሞ፣ የአገር ልጅ ለሬዚደንሲ ስናዘጋጅ ጎን ለጎን የሠፈራችንን ጥቁር አሜሪካዊ ተማሪም እንያዝ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ፈቃደኛ የሆናችሁ በስብሰባው ላይ ፈልጉኝ፤ ስም መመዝገብ እጀምራለሁ።