የአምስተኛው ጎዳና ጠመዝማዛ

እስቲ ጆሮ ስጡኝማ፣ የአንድ ግትር ሽማግሌንና የእርሳሱን ነገር ላውጋችሁ።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 1943 ነው። ዓለም በጦርነት ትታመሳለች። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት 76 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት ከኒው ዮርክ ደብዳቤ ደረሰው። ላኪዋ ሂላ ሪቤይ ትባላለች፤ ራሷም ሰዓሊ ናት፤ የባለጸጋው የሰለሞን ጉገንሃይም የሥዕል ስብስብ በእጇ ነው። ለሥዕሎቹ የፈለገችው ተራ አዳራሽ ሳይሆን መንፈስ የሚያርፍበት መቅደስ ነበር።

ሰውዬው ቦታው እንኳ ሳይገዛ መንደፍ ጀመረ። በዚያ ዘመን ሙዚየም መጎብኘት ማለት ከክፍል ክፍል እየዞሩ ደክሞ በመጡበት መመለስ ነው። ይህ ለራይት አልተዋጠለትም። ጎብኚው በአሳንሰር ወደ ላይ ይውጣ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ በሚያዘቀዝቅ አንድ መንገድ፣ ሥዕሉን እያየ፣ እየዞረ ይውረድ አለ።

ታዲያ ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት የተገኘ እንዳይመስላችሁ። ከንድፎቹ አንዱ ስድስት ማዕዘን ነው፣ ወለሉም ደልዳላ። ሌላው እንደ ጥንቱ የባቢሎን ግንብ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ሮዝ ቀለም የተቀባም አለ። በመጨረሻ ያንን ግንብ ገለበጠው፦ ከታች ጠባብ፣ ወደ ላይ ሰፊ። እንዲህ ሲሆን ላይኛው ዙር ከታችኛው ወጣ ስለሚል፣ በመካከላቸው ባለው ክፍተት የቀን ብርሃን ወደ ግድግዳው ይገባል።

ወረቀቱ አለቀ እንጂ ግንባታው የት ተጀምሮ! ጉገንሃይም በ1949 ሞተ። የዕቃ ዋጋ ናረ። የከተማዋ የሕንፃ ደንብም አላላውስ አለ። አንዱን ሲመልሱበት ሌላ ይነድፋል፤ 700 ያህል ንድፎችና ስድስት ዙር የሥራ ፕላኖች እንዲህ ተጠራቀሙ።

በ1956 ቁፋሮው ሲጀመር ደግሞ 21 ሠዓሊያን የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረሙ፤ ቪለም ደ ኩኒንግና ፍራንዝ ክላይን አሉበት። ዘመም ባለ ግድግዳ፣ በተዳፋት ወለል ላይ ሥዕል እንዴት ቀጥ ብሎ ይታያል ነው ክርክራቸው። ራይት ግን ሸራ ሲሣልም በማቆሚያው ላይ ጋደል ይላል ባይ ነበር።

አሁን በ1958 ከቢሮው የወጣችውን አንዲት ንድፍ ልብ በሉልኝ። ጎብኚዎች ትልቅ ሥዕል ፊት ቆመዋል። አንዲት ትንሽ ልጅ ግን በመንገዱ ዳር ባለው አጭር ግድግዳ ላይ ዮዮዋን ወደ ታች ለቃለች። ያቺን ዮዮ በገዛ እጁ የጨመራት ሽማግሌው ነው። ሥዕል ለሰለቸው ሰው፣ መንገዱ የሚዞርበት መሐል ያለው ባዶ ቦታ ራሱ ትዕይንት እንደሚሆን ያውቃል ማለት ነው።

ራይት ሚያዝያ 9 ቀን 1959 (እ.ኤ.አ.) አረፈ፤ ሙዚየሙ በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 በኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ጆንሰን ስዊኒ ሥዕሎቹን በብረት ዘንግ ከግድግዳው አርቆ ቀጥ አድርጎ አቆማቸው። በ2019 ደግሞ ሕንፃው ዩኔስኮ ከመዘገባቸው ቅርሶች መካከል ገባ።

ፍርዱን ከጠየቃችሁኝ፣ ሠዓሊያኑ ስለ ግድግዳው እውነት ነበራቸው፤ የስዊኒ ዘንግ ምስክር ነው። ሽማግሌው ግን ከሥዕሉ አሰቃቀል ይልቅ የሰው አካሄድ ነበር ያስጨነቀው፤ በዚያ ረገድ እስከ ዛሬ የረታው እሱ ነው።