ሥጋ አየር ሲያጣ

ስሙኝማ! ግንቦት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ እሑድ አመሻሽ ነው። አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ጆፕሊን በምትባል ከተማ ላይ አውሎ ነፋስ ወረደባት። በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ጣራ ገፈፈ፣ ግንድ ነቀለ፣ ሆስፒታል ሳይቀር ሰባበረ። ከ150 በላይ ሰው አለቀ።

የተረፈው ተረፍኩ ብሎ ቁስሉን ሊያስታምም ተኛ። ነፋሱ ግን የእንጨት ስንጥርና አፈር ሥጋው ውስጥ ሰክቶበት ሄዷል፤ ከአፈሩ ጋር ደግሞ አንድ ፈንገስ ገብቷል። ስሙ አፖፊሶማይሲስ ይባላል፤ ምላስ ያስራልና አንዴ ካልኩት ይብቃኝ። ቀናት አለፉና የቁስሉ ዳር ይጠቁር ጀመር። ሐኪሞች የሞተውን ሥጋ ቆርጠው ይጥላሉ፤ ጥቁረቱ ግን ከተቆረጠው አልፎ ይሄዳል። 13 ሰዎች በዚህ ታመሙ፤ 5ቱ ሞቱ።

ከቋቁቻና ከጭርት ጋር እንዳታምታቱብኝ። እነዚያ ቆዳውን ላይ ላዩን ይዘው በቅባት የሚለቁ ናቸው። ይኼኛው የሚፈልገው የደም ሥር ነው። ሰርስሮ ይገባና ደሙን ያረጋዋል፣ መንገዱን ይዘጋዋል። ሥጋው አየር አጥቶ ይሞታል። መድኃኒቱ፣ አምፎቴሪሲን፣ መድረስ የነበረበት በዚያው በተዘጋው መንገድ ነው! ነጭ የደም ሴሎችም ኦክስጅን ካጡ ጀርም መግደል ያቅታቸዋል።

ታዲያ መንገዱ ከተዘጋ ኦክስጅኑ በምን ይድረስ? እንግዲህ አምስተርዳም ልውሰዳችሁ። ኢተ ቡረማ የሚባሉ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። የአሳማዎችን ደም አሟጠው ቀዱና ቀይ ሴል በሌለው ፈሳሽ ተኩት። አሳማዎቹ ግፊቱ ከውጭው አየር 3 እጥፍ በሆነ ክፍል ኦክስጅን እየተነፈሱ አልሞቱም! እ.ኤ.አ. በ1960 ይህን ጽፈው አወጡ። ለካ ግፊት ሲበረታ ኦክስጅን ያለ ተሸካሚ በፈሳሹ ይሟሟል፦ በ100 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ ወትሮ 0.3 ሚሊ ሊትር የነበረው ወደ 6 ይደርሳል።

ዛሬ በዚህ መንገድ የሚታከም ሕመምተኛ እንዲህ ባለ የታሸገ ክፍል ኦክስጅን እየተነፈሰ ይተኛል፤ ግፊቱ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ፣ ጊዜው 90 ደቂቃ ገደማ። ጆሮው ድፍን ይላል፤ ምራቁን እየዋጠ ያስከፍተዋል። የተሟሟው ኦክስጅን ከቁስሉ ዳር፣ ሊሞት ወዳለው ሥጋ ይዘልቃል፤ ነጭ ሴሎቹም ጉልበት ያገኛሉ። የሞተውን ግን አያስነሳም፤ እሱ የሚወጣው በቢላ ነው።

ደግሞ ልንገራችሁ፤ ኦክስጅኑ በዚህ ፈንገስ ላይ ስላለው ጥቅም የተጻፈው በአብዛኛው የነጠላ ሕመምተኞች ታሪክ ነው። የዳነው በቢላው ይሁን በመድኃኒቱ ወይስ በኦክስጅኑ፣ ማን ለይቶት? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ክፍሉ ከተገኘ ይታከልበት እላለሁ። ክፍሉ ሌላ ከተማ ነው ተብሎ ቀዶ ሕክምናው አንድ ቀን ከዘገየ ግን፣ ፈንገሱ ያን ቀን ሙሉ ሲሰረስር ይውላል።